ሦስተኛው ኪስ

ጠዋት ጠዋት የዘርጋው በር ከመከፈቱ በፊት ይጠይቀዋል፤ «በእግር ወይስ በአውቶቡስ?» አውቶቡስ ካለ ደግሞ «በድልድዩ ወይስ በቀለበቱ?» ዘርጋው ይመልሳል፣ በሩ ይከፈታል። ምግብ ቤት የምታስተናግደው ልጅ «ሽሮ ወይስ ፓስታ?» ትለዋለች። ሱቁ ሁለት ሳሙና አለው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ። ጸጉር አስተካካዩ ሁለት ዓይነት ቁርጥ ያውቃል። እንዲህ መሆን ከጀመረ ቆይቷል፤ ማንም አያማርርም። «ምርጫ ሲበዛ ሰው ይታመማል» የሚል ጥናት በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እያየ ያደገው ትውልድ አሁን ልጅ ወልዷል። ዘርጋው አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሱቅ ገብቶ «ምን ምን አላችሁ?» ብሎ የጠየቀበትን ዘመን በጥቂቱ ያስታውሳል። ዛሬ እንዲያ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ባለሱቁ ሐኪም ይጠራለታል።

ሥራው ኪስ መለካት ነው።

ሁለት ቀበሌ በውሃ፣ በግጦሽ ወይም በወሰን ሲጣላ እንደ ድሮው ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አይውልም፤ ጥይትም አይጮኽም። ከየወገኑ አምስት አምስት ሰው ይመረጥና ሸንጎ ቤት ይገባል። እጁን ይታጠባል፣ ጓንት ያጠልቃል፣ መነጽር ያደርጋል፣ በመነጽሩ ውስጥ ባለው የጨዋታ ዓለም ይታኮሳል። የሚፈሰው ደም የለም። የረታ የተጣላበትን ይወስዳል፤ የተረታ ወገን ሽማግሌ እፍኝ ሣር ለረቺው ይሰጣል፤ ሣር የሰጠ አፉን ያዘ ማለት ነው። እነዚህ አሥር ሰዎች ወደ ውጊያው ስንት መሣሪያ ይዘው እንደሚገቡ የሚወስነው ኪስ ለኪው ነው። አንድ ኪስ አንድ መሣሪያ ይይዛል።

በሸንጎው የመጀመሪያ ዓመታት ኪሱ ዘጠኝ ነበር። ኋላ ስድስት ሆነ፤ ከዚያ አራት። ዘርጋው ሥራ ሲጀምር ሦስት ላይ ደርሶ ነበር፤ በዓመቱ ሁለት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየችሎቱ ዋዜማ ቅጹ ላይ «ሁለት» ብሎ ይጽፋል፤ ይፈርማል። «እንዲህም አድርጎ እንጀራ አለ!» ይሉታል ጎረቤቶቹ። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ኪሱ የተቀነሰበት ምክንያት ሲነገር ያሳምናል። ዘጠኝ ኪስ በነበረ ጊዜ ሕዝቡ ማን በምን እንደረታ አይገባውም ነበር። አንዱ ጭስ ያፈነዳል፣ ሌላው ከጭሱ መሃል መረብ ይወረውራል፣ ሦስተኛው መሬት ቆፍሮ ከሥር ብቅ ይላል፤ የተረታው ወገን «ተጭበረበርን!» ብሎ ይጮኻል። በሁለት ኪስ ግን ያሉት ረጅሜና አጭሬ የሚባሉ ሁለት ጠብመንጃዎች ብቻ ናቸው፤ ረጅሜ ለሩቅ፣ አጭሬ ለቅርብ። ፈጥኖ ያነጣጠረ ይረታል። ጩኸቱም ቀረ።

ጩኸቱ ብቻ እንዳልቀረ ዘርጋው ያውቃል። ዘጠኝ ኪስ ያለው ሰው አይሰስትም። ለአንዲት በር፣ ለአንዲት ቀን ብቻ የምትሆን እንግዳ መሣሪያ ቢይዝ የሚጎድልበት የለም። ስለዚህ ይይዛታል፤ ስለያዛትም አንድ ቀን በሯ ትገጥመዋለች። ሁለት ኪስ ያለው ግን መረብ ልያዝ ካለ ጠብመንጃ መጣል አለበት። ማን ይጥላል? ማንም የማይይዘውን መሣሪያ ደግሞ ማንም አያድሰውም፤ መጋዘን ገብቶ አቧራ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ቤቱም፣ ደረጃውም፣ ሜዳውም ለረጅሜና ለአጭሬ እንዲመች ሆኖ ይሠራል። የዛሬው ውጊያ የትናንቱ ግልባጭ ይሆናል፤ የነገውም የዛሬው።

ይህን የተማረው ከእህቱ ከአምሳለ ነው።

አምሳለ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ከሞተች ወዲያ እሷ ናት ያሳደገችው፤ ሰንበሌጥ በምትባል፣ ነጭ ሽንኩርት በሚበቅልባት መንደር። መንደሯ ውስጥ ያው የሸንጎው ባለ ብዙ ኪስ ጨዋታ የሚጫወትባት፣ በቆርቆሮ የተመታች አንዲት ጌም ቤት ነበረች፤ መቀመጫዋ ድንጋይ፣ ስክሪኗ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ። አምሳለ ማሳ ውላ፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ትገባና ጎረምሶቹን ታስነሳቸዋለች። የምትወዳት መሣሪያ ኮቴ ትባል ነበር። ኮቴ አትገድልም፤ ድምፅ ብቻ ናት። ከግድግዳው ማዶ ትወረወርና የሰው እርምጃ ታሰማለች። ጎረምሶቹ ወደ ድምፁ ዞረው ግድግዳውን በጥይት ሲደበድቡት፣ አምሳለ ከኋላቸው መረቧን ይዛ ትደርሳለች።

«ይቺ ጠንቋይ! ዛሬም በኮቴ?» ይላሉ።

«ጆሯችሁን እመኑ ያላችሁ ማነው?» ትላለች እሷ፤ ወደ ዘርጋውም ዞር ብላ ትጠቅሰዋለች።

ዘርጋው ከዚያች ጌም ቤት ተነሥቶ ነው ኪስ ለኪ የሆነው። አምሳለ ደግሞ መንደሯ የግጦሽ መሬቷን በሸንጎ ከተነጠቀችበት ዓመት ጀምሮ፣ አምስት ሰው መርጣ በሽንኩርት መጋዘኑ ውስጥ ማሠልጠን ያዘች። በሁለት ኪስ፤ በረጅሜና በአጭሬ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰንበሌጥን አትርፋለች።

በመጋቢት መጀመሪያ ላይ የዘርጋው ጠረጴዛ አዲሱን ችሎት አነበበለት። ከሳሽ አዲስ ወርቄ ከተማ፤ ተከሳሽ ሰንበሌጥ። የተጣሉበት የጠለሎ ምንጭ። ከተማው ምንጩን ሙሉ በሙሉ በቧንቧ ለጨርቅ ማቅለሚያዎቹ መውሰድ ይፈልጋል። ሰንበሌጥ ከተረታች በስልሳ ቀን ውስጥ ትነሣለች፤ ውሃ የሌላት መንደር መንደር አይደለችምና።

መዝገቡ ኪስ ለኪውን የተወለደበትን ሆስፒታል እንጂ ያደገበትን መንደር አይጠይቅም። ዘርጋው የተወለደው ከሁለቱም ውጭ በሆነ ሌላ ከተማ ነው። ማንም ከችሎቱ አላነሣውም፤ እሱም «አንሡኝ» አላለም።

የሸንጎው ሕግ ኪስ ለኪው ከችሎቱ በፊት አርባ ቀን ከሁለቱም ወገን ጋር ቃል እንዳይለዋወጥ ያዛል። ሠራተኞቹ ጾም ይሉታል። «ዘርጋው ጾም ገባ» ይላሉ። ስልኩ ራሱ ይጾማል፤ ከሁለቱ ቦታዎች የሚመጣውን ሁሉ ይመልሳል። አምሳለ ወንድሟ ከተማ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ መልስ አንድ ሚስኮል ታደርግለታለች፤ አንዴ ይጠራል፣ ይቋረጣል፤ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። እሱም በዚያው ይመልስላታል። ወሬ ከዚያ አያልፍም ነበር፤ አያስፈልግማ። በጾሙ ጊዜም አላቋረጠችም። ስልኩ በየቀኑ ያስነብበዋል፤ «ከሰንበሌጥ አንድ ጥሪ። ታግዷል።»

ዘርጋው ሠላሳ ቀን ሙሉ የሁለቱን ወገኖች የቆየ ውጊያ እያስደገመ ተመለከተ። የአዲስ ወርቄ ልጆች ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው፤ ከተማቸው ባለ አራት ፎቅ ማሠልጠኛ ሠርቶላቸዋል። ጣታቸው ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል። ሰንበሌጦች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ከማሳ መልስ በመጋዘን ውስጥ የተሠራ ጣት ከዚያ ጣት ጋር እኩል አይሆንም። ሒሳቡን ሠራው፤ በሁለት ኪስ ሰንበሌጥ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ትሸነፋለች። ደጋግሞ ሠራው። ሰባት።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ቅጹን ይዞ ወደ አለቃው ወደ ወይዘሮ ፋናዬ ገባ። ወይዘሮ ፋናዬ ቅጹን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስት ነው የሚለው፣ አቶ ዘርጋው?»

«ሦስት ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሁለት ሲሉኝ ኖረው?»

«ሦስተኛው ክፍት ይሁን ነው የምለው። ከድሮው የመሣሪያ መጋዘን ያሻቸውን ይምረጡ። ለሙከራ ያህል።»

«መጋዘኑ እስካሁን አለ እንዴ?»

«አለ። የሚገባበት ጠፋ እንጂ አለ።»

ወይዘሮ ፋናዬ ቅጹን ገለበጡ። ዘርጋው «ለምን?» ይሉኛል ብሎ መልስ አዘጋጅቶ ነበር። አልጠየቁትም።

«ይሁን» አሉ። «ሙከራ ደግ ነው። ውጤቱን ግን በጽሑፍ ይሰጡኛል፤ የሆነው ይሁን።»

«እሰጣለሁ።»

ሲወጣ በሩ «በደረጃ ወይስ በሊፍት?» አለው። ዘርጋው ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ጥቂት ቆመ። ደስ ብሎት ነበር። አምሳለ የመጋዘኑ መደርደሪያ ፊት ቆማ ታየችው፤ ኮቴዋን አንሥታ፣ «ጆሯችሁን እመኑ ያላችሁ ማነው?» ስትል። የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። ስለ ሦስተኛው ኪስ እንዳይነግራት ጾሙ ይከለክለዋል፤ ሕጉም ተኳሾቹ የኪሱን ቁጥር መነጽር ካጠለቁ በኋላ ብቻ እንዲያዩ ያዛል፤ ከዚያ ለመምረጫ ዘጠና ሰኮንድ አላቸው። ለሌላው ሰው ዘጠና ሰኮንድ ያንሳል። ለአምሳለ ግን ምን ሊጎድላት? ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች።

የችሎቱ ቀን ማለዳ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በስተቀኝ አዲስ ወርቄዎች፣ በስተግራ ሰንበሌጦች። ዘርጋው ከላይ፣ በጥቁር መስተዋት በተጋረደ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱ ያያቸዋል፣ እነሱ አያዩትም። አምሳለ ገባች። ከሁለት ዓመት ወዲህ በአካል አላያትም፤ ጸጉሯ ከግንባሯ በኩል ነጥቷል። ከኋላዋ አራት ወጣቶች፤ ከእነሱም ኋላ አያ ደርሶ፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ በማስታወቂያ ወረቀት የተጠቀለለ ሣር በብብታቸው ይዘው። ሣር ይዞ የሚመጣው ሁለቱም ወገን ነው፤ የሚመለሰው ግን የአንደኛው ብቻ ነው።

እጅ መታጠቢያው ላይ የአዲስ ወርቄዎቹ አለቃ፣ ኪሩቤል የሚባል ቀጭን ልጅ፣ ፎጣውን ለአምሳለ አቀበላት።

«እማማ፣ መነጽሩ ይከብዳል፤ ቀስ ብለው ይልበሱት።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አምሳለ እጇን ሳትቸኩል አደረቀች።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ይህን ስለብስ አባትህ ገና ንፍጡን አልጠረገም ነበር።»

በስተግራ ያለው ሕዝብ አውካካ። ኪሩቤልም ሳቀ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም።

መነጽሩ ተጠለቀ። በትልቁ ስክሪን ላይ፣ በእያንዳንዱ ተኳሽ ወገብ ላይ ኪሶች በሩ። አንድ። ሁለት። ከዚያ ሦስተኛው፣ በቢጫ ብርሃን። አዳራሹ በሙሉ ወደ ስክሪኑ አንጋጠጠ።

«እንዴ!» አለ ኪሩቤል። ድምፁ በድምፅ ማጉያው መጣ። «ሦስት ነው! ሰዎች፣ ሦስት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምንጫወተው!»

«ጭሱ የኔ!» አለች አንዲት ልጅ።

«መረብ ማን ይያዝ?»

«ኮቴ አለች? ኮቴን ለኔ ተዉልኝ!»

ዘርጋው ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ? የአዲስ ወርቄን ውጊያ ሠላሳ ቀን ሙሉ አይቷል፤ ውጊያው ሁሉ በሁለት ኪስ ነው። ጨዋታቸውን ግን አላየም፤ በመዝገብ አይያዝማ። ከሥልጠና በኋላ፣ በዕረፍታቸው ቀን፣ የድሮውን ባለ ብዙ ኪስ ጨዋታ አውጥተው ለመሣቅ ይጫወቱ ኖሯል። በሰንበሌጥ ለመሣቅ የሚጫወት የለም። ሰንበሌጥ የምትሠለጥነው እንዳትጠፋ ነው፤ የማይጠይቋትን ለመማር ጊዜ የላትም።

በስተግራ ግን ድምፅ የለም። ስልሳ ሰኮንድ ቀረ።

«እታለም፣» አለ ከሰንበሌጦቹ አንዱ፣ ታከለ የሚባል ትከሻው ሰፊ ወጣት፤ «ሦስተኛ አለ። ምን እናድርግ?»

አምሳለ በጨዋታው ውስጥ ወዳለው የመሣሪያ መጋዘን ገባች። በስክሪኑ ላይ ብቻዋን በረጅሙ መደርደሪያ መሃል ስትሄድ ታየች። ጭሱን አለፈች፣ መረቡን አለፈች። ኮቴዋ ፊት ስትደርስ ቆመች። ዘርጋው ወደ መስተዋቱ ተጠጋ። «አንሺያት» አለ፤ የሚሰማው አልነበረም። እጇ ተነሣ፤ አየር ላይ ጥቂት ቆየ። ሠላሳ ሰኮንድ።

«እታለም!» አለ ታከለ። «ጊዜው!»

እጇ ዝቅ አለ።

«ረጅሜ ድገሙ» አለች። «አንዱ እምቢ ቢላችሁ ሌላው አለ። ሌላ አትንኩ።»

አምስቱም ረጅሜ፣ አጭሬ፣ እንደገና ረጅሜ ይዘው ገቡ።

መጀመሪያ ላይ ዘርጋው ዓይኑን ማመን አቃተው። ሰንበሌጥ ትመራ ነበር። አምሳለ ሰዎቿን በውጊያው ሜዳ ላይ ባለው የፈረሰ ወፍጮ ቤት ደረጃ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጋ አቁማለች፤ አንዱ ሲተኩስ ሌላው ያጎርሳል፣ ሌላው ሲተኩስ አንዱ ቦታ ይለውጣል። የጣታቸውን መዘግየት በዚህ ሸፍነውታል። የሰው ክር የተገመደ ያህል ነበር። ይህን በመዝገብ አላየውም፤ በዚህ ዓመት፣ በጾሙ ሰሞን፣ በዚያ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ የተፈተለ ነው። ሰባት ከአሥር ብሎ ሲያሰላ ይህች ደረጃ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረችም። በስምንት ደቂቃ ሁለት የአዲስ ወርቄ ልጆች ተመተው ወጡ። ከሰንበሌጥ ማንም አልወጣም። አያ ደርሶ ሣራቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ።

ከዚያ ጭሱ መጣ።

ወፍጮ ቤቱ ነጭ ሆነ። ረጅሜ በጭስ ውስጥ ዱላ ነው፤ አንዱም ዱላ፣ የደገሙትም ዱላ። ከግድግዳው ማዶ የሰው እርምጃ ተሰማ፤ የብዙ ሰው ሩጫ፣ ወደ ደረጃው የሚቀርብ። አራቱ ወጣቶች በአንድ ላይ ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ መተኮስም ጀመሩ።

«አትዙሩ!» ብላ ጮኸች አምሳለ። «አትዙሩ፣ ኮቴ ነው!»

«ምኑ?» አለ ታከለ እየተኮሰ። «ምንድን ነው ኮቴ?»

ልታስረዳው አፏን ከፈተች። መረቡ ከኋላ መጣ።

ሁሉም በአርባ ሰኮንድ ውስጥ አለቀ። አምሳለ መነጽሯን ስታወልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ጥቁሩ መስተዋት ቀና አለች። እንደማታየው ዘርጋው ያውቃል፤ ሆኖም ፊቱን ዞር አደረገ።

አያ ደርሶ ወደ መሃል ወጡ። ወረቀቱን ፈቱ። ሣሩን ግን ወዲያው አልሰጡም።

«ተጭበረበርን!» አሉ፣ ሣሩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው። «እኛ ለሁለት ነው የመጣነው። ሦስት ያለን ማነው? ማን ነገረን?»

የሸንጎው አገልጋይ ክርናቸውን በቀስታ ያዘ። ሰጡ።

በሦስተኛው ቀን ዘርጋው ሪፖርቱን ጻፈ። ወይዘሮ ፋናዬ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠውት ነበር።

«ጥሩ ጽፈዋል» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። ማጠቃለያ።»

«ምን ልበል?»

«የታየውን። አንደኛው ወገን በሦስተኛው ኪስ ያንኑ ደገመበት፤ ስለዚህ አላስፈለገውም። ሌላኛው ወገን ተጠቀመበት፤ እነሆ አቤቱታ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ቃል ሰማሁ፣ አቶ ዘርጋው። ተጭበረበርን አሉ ሽማግሌው።»

«እውነታቸውን ነው።»

«እንግዲያው ተስማማን። ከሚመጣው ችሎት ጀምሮ አንድ ኪስ ይሁን ብለው ያጠቃልሉ።»

«አንድ?»

«ረጅሜ ወይስ አጭሬ። ሕዝቡ ራሱ ይመርጣል።» ወይዘሮ ፋናዬ ፈገግ አሉ። «ሙከራውን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ያለ እርስዎ ይህን አናውቅም ነበር።»

ዘርጋው «አንድ» ብሎ ጻፈ። ፈረመ።

ጾሙ ተፈትቶ ስልኩ ተከፈተ። ሚስኮል አደረገላት፤ አንዴ ጠራ፣ አቋረጠው። አልመለሰችም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። አምሳለ ትደውልበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያየዋል። ስልኩ ዝም ይላል።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን የሰንበሌጥ መነሻ ሆነ። ዘርጋው ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። የሚነሣው ሰው ሁሉ ሁለት ጭነት እንዲይዝ ተፈቅዶለታል፤ መኪናው የሚችለው ያንን ነው ተብሏል። ዘርጋው ለእህቱ ሦስተኛ ጭነት የሚያስፈቅድ ወረቀት ከመሥሪያ ቤቱ አጽፎ በኪሱ ይዟል። ለዚህም ሁለት ሳምንት ደጅ ጠንቶ ነው።

ማሳው ውስጥ ሽንኩርቱ ሳይነቀል ደርቋል። የጠለሎ ምንጭ በግራጫ ሳጥን ተከድኖ ከውስጡ ሞተር ያጉረመርማል። መኪኖቹ ጌም ቤቷ በነበረችበት ሜዳ ላይ ተደርድረዋል። አምሳለ በሯ ላይ ቆማ አገኛት። ዕቃዋ ተጭኗል፤ አንድ ጆንያ ልብስ፣ አንድ ቢጫ ጄሪካን።

«እታለም» አላት።

«መጣህ» አለችው። ሳመችው፤ ጉንጯ ሻካራ ነበር። «ከሳህ። አይበሉም እንዴ እዚያ?»

«ይበላል። ሽሮና ፓስታ።»

ሁለቱም ሊሥቁ ሞከሩ። ታከለ የሌላ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ሲያልፍ በራሱ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ዘርጋው ማን እንደሆነ ግን ታከለ አላወቀም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለ ዘርጋው። «ኪሱን።»

«አውቃለሁ። ሲበራ አወቅሁ። ለኔ ብሎ ያንን የሚከፍት ከአንተ በቀር ማን አለኝ?»

«ታዲያ ለምን… ኮቴ ፊት ቆመሽ ነበር። አይቼሻለሁ።»

አምሳለ እጇን ገልብጣ መዳፏን ተመለከተች፤ የሰው ዕቃ እንደምትመለከት።

«አየኋት እኮ። ጎኗ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር አስታወስኩት። ዘርጋው ከፍቶልኛል፣ ላንሣት አልኩ። እጄ ግን አላወቃትም።» መዳፏን ጨበጠች። «ደግሞስ እኔ ባነሣት፣ ልጆቹስ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ አትንኩ እያልኩ አሳድጌያቸው፣ በዘጠና ሰኮንድ ምን ልበላቸው? ደረጃዋን አየሃት አይደል? ጥሩ ነበረች።»

«በጣም ጥሩ ነበረች።»

«ሁለት ኪስ ቢሆን ኖሮ…» አለችና ተወችው።

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ።

«ሦስተኛ ጭነት አስፈቅጄልሻለሁ። የፈለግሽውን። ሹፌሩ ያውቃል።»

ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችው። «የፈለግሁትን?»

«የፈለግሽውን።»

ወደ ቤት ገባች። ዘርጋው ከደጅ ቆሞ ጠበቀ። ጌም ቤቷ ስትዘጋ የተሰነጠቀውን ስክሪን አምሳለ ወስዳ ግድግዳዋ ላይ እንደሰቀለችው ያውቃል። የእናታቸው ነጠላ በሳጥን ውስጥ እንዳለም ያውቃል። በሩንም ራሱን ነቅላ ብትወጣ አይገርመውም ነበር፤ አባታቸው የጠረበው ነው። ከውስጥ እርምጃዋ ይሰማዋል፤ ወዲህ ይላል፣ ይቆማል፣ ወዲያ ይላል፣ ይቆማል። የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ።

«ፊት ወይስ ኋላ?» አለ ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «የሴትየዋ ሦስተኛ ዕቃ ፊት ነው ኋላ የሚጫነው?»

«ቆይ አንዴ፣ ትመጣለች» አለ ዘርጋው።

አምሳለ ወጣች። ቢጫ ጄሪካን ይዛለች፤ መኪናው ላይ ያለው ዓይነት። የሚሄዱበት ሰፈር በየቤቱ ቧንቧ አለው፤ ከቧንቧውም የሚወርደው የጠለሎ ውሃ ነው።

ዘርጋው ጄሪካኑን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ክዳኑ እንዳይጠፋ ጎንበስ ብላ አጥብቃ ስትዘጋው ቆየች። ከዚያ ሰጠችው። ባዶ ነበር።